የከፍታ ገደብ ጥሰት ምንድን ነው?

ከኒው ዮርክ ከተማ አጠገብ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ቴተርቦሮ የሚባል የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። የሚበዙበት የግልና የኩባንያ ጄቶች ናቸው። ከማኮብኮቢያ 24 ተነስቶ «ሩዲ» የተባለውን የመነሻ መስመር የሚከተል አብራሪ ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ በበረራ ካርታ ላይ ዌንትዝ የተባለችውን ነጥብ በ1,500 ጫማ ከፍታ ማለፍ፣ ከዚያ በኋላ ወደ 2,000 ጫማ መውጣት። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሺህ ሰዓት የበረሩ አብራሪዎች ሳይቀሩ ዌንትዝ ሳይደርሱ 2,000 ጫማ ላይ ተገኝተዋል።

የከፍታ ገደብ ጥሰት የሚባለው ይህ ነው፤ አውሮፕላኑ በዚያ ቦታ እንዲሆን ከታዘዘበት ከፍታ በላይ ወይም በታች መገኘቱ። በበረራ ካርታ ላይ ገደቡ የሚታወቀው በቀጭን መስመር ነው። ከቁጥሩ በታች ከተሰመረ ከዚያ ማነስ፣ ከላይ ከተሰመረ ከዚያ መብለጥ አይፈቀድም። ከላይም ከታችም ከተሰመረ ቁጥሩ ራሱ ግዴታ ነው። ከፍታው የሚለካው ከባሕር ወለል መሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። የቦሌ ማኮብኮቢያ ገና መሬት ላይ ሳለ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ ቴተርቦሮ ግን ከባሕሩ እኩል ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው።

1,500 ጫማ ለምን ተመረጠ? ጥቂት ማይል ርቆ ትልቁ የኒውዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ ስላለ ነው። ወደዚያ የሚያርፉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከቴተርቦሮ በሚነሱት ጄቶች አናት ላይ ያልፋሉ። ተቆጣጣሪዎች በሁለት አውሮፕላኖች መካከል ከላይ ወደ ታች የሚጠብቁት ርቀት በተለምዶ 1,000 ጫማ ነው። ከዚህ ላይ አንድ ጄት ሳያስበው 500 ጫማ ከወሰደ፣ ለሁለቱም የተቀመጠው መተንፈሻ በግማሽ ተበላ ማለት ነው። ከላይ ባለው አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶ አስረው ማረፊያቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች ስለዚህ አንዳች አያውቁም። ጉዳዩን ቀላል የቁጥር ስሕተት አድርጌ ማየት የማልችለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት ይመጣል? አብራሪውን ቸልተኛ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። በደቂቃ 3,000 ጫማ የሚወጣ ጄት ከመሬት ተነስቶ 1,500 ጫማ ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ጎማው ይታጠፋል፣ ለመነሳት የተዘረጋው የክንፉ ተጨማሪ ክፍል (ፍላፕ) ይሰበሰባል፣ የሞተሩ ኃይል ይቀነሳል፣ አቅጣጫው ይስተካከላል፣ በሬዲዮም አዲስ ተቆጣጣሪ ይጠራል። ከ1,500 ወደ 2,000 ያለውማ በዚያው ፍጥነት አሥር ሰከንድ ነው። ረዳት አብራሪው ቀና ብሎ የከፍታ መለኪያውን እስኪያይ ድረስ ገደቡ አልፏል።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን የሚጠመደው አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነው። በመሣሪያ ሰሌዳው ላይ የከፍታ መምረጫ የምትባል ትንሽ መዘውር አለች። አብራሪው የመስመሩን የመጨረሻ ከፍታ 2,000 ብሎ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል፣ እጁም መዘውሯን ወደ 2,000 ያዞራል። በመካከል ያለውን ገደብ የሚጠብቅ ሥርዓት ካልተዘጋጀ በቀር አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው መሣሪያ፣ አውቶፓይለቱ፣ ስለ ዌንትዝ አያውቅም፤ ታዛዥ ሆኖ በ1,500 ጫማ ሳያቆም ያልፋል።

የቃላት አጠቃቀምም የራሱ ድርሻ አለው። በአሜሪካ ከ2014 ጀምሮ ተቆጣጣሪው «በመነሻ መስመሩ መሠረት ውጣ» ካለ በካርታው ላይ ያሉት የከፍታ ገደቦች ሁሉ እንደጸኑ ናቸው። «እስከዚህ ከፍታ ውጣና ከፍታውን ጠብቅ» ካለ ደግሞ፣ ገደቦቹን መልሶ ካልጠራ በቀር፣ ተሽረዋል። በጩኸት መካከል ለሚሰማ ጆሮ ሁለቱ ቢመሳሰሉ አይገርምም። የከፍታ መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ስለሆነ፣ ግፊቱን በትክክል አለማስተካከልም ያሳስታል፤ የአሥር ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሐድ) ልዩነት ወደ 300 ጫማ የሚጠጋ ስሕተት ያመጣል።

የዚህ ዓይነት ስሕተቶች የሚታወቁት በአብዛኛው አብራሪዎቹ ራሳቸው ስለሚናገሩ ነው። ናሳ ከ1976 ጀምሮ የሚያካሂደው የሪፖርት ሥርዓት የተናጋሪውን ማንነት ደብቆ ታሪኩን ብቻ ለሌሎች ያካፍላል። ለደኅንነት ከተሠሩ ሥራዎች ሁሉ በጣም የማከብረው ይህንን ነው፤ ያጠፋ ሰው ሳይሸማቀቅ የሚናገርበት በር ከፍቷልና።

መከላከያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። መዘውሯ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጠው 1,500 ነው፤ 2,000 የሚገባው ዌንትዝ ከታለፈ በኋላ ነው። አንዱ አብራሪ ቁጥሩን ሲያስገባ ሌላው በጣቱ እያመለከተ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆመውም ቢሆን፣ ሬዲዮውን ተጭነው ይጠይቃሉ፦ «እስከ ዌንትዝ 1,500፣ ልክ ነን?»