የሂሎው የሁላ ውድድር (ሜሪ ሞናርክ)

ሁላ ሲባል ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው የሳር ቀሚስ ለብሳ ወገቧን የምትነቀንቅ ሴትና ቱሪስት አንገት ላይ የሚጠለቅ አበባ ነው፣ ፊልምና ሆቴል ያስለመደን ነገር ነው እንጂ ሃዋዮቹ ጋ ሁላ መጀመሪያ ግጥም ነው፣ ዳንስ የሚሆነው ከዛ በኋላ ነው። ግጥም ከሌለ ሁላ የለም። እግርና ወገብ ምቱን ይይዛሉ፣ ወሬውን የሚያወራው እጅ ነው፣ አይን ደሞ እጅን እየተከተለ ይሄዳል። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ሰዎቹ ለአንድ ውድድር ለምን ወራት ሙሉ እንደሚለፉ ይገባችኋል።

ውድድሩ ሜሪ ሞናርክ ይባላል፣ ጨዋታ ወዳዱ ንጉሥ እንደማለት ነው፣ በየዓመቱ የፈረንጆች ፋሲካ ቀን ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ሂሎ ውስጥ ይካሄዳል። ሂሎ ትልቁ የሃዋይ ደሴት ላይ ምስራቁ ዳር ያለች ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። አንዳንዱ የሁላ ኦሎምፒክ ይለዋል። አጀማመሩ ግን ምንም ክብር የሌለው ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፦ 1960 ላይ ቺሊ ውስጥ የተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው ሱናሚ ሂሎን መትቶ 61 ሰው ገደለ፣ የስኳር እርሻውም እየደከመ ነበር፣ ስለዚህ ቱሪስት ይምጣልን ተብሎ 1964 ላይ ፌስቲቫል ተጀመረ፣ ከፕሮግራሞቹ አንዱ ጺሙ የድሮውን የሃዋይ ንጉሥ ካላካዋን የሚመስል ሰው መምረጥ ነበር፣ አዎ ጺም። ነገሩ ሊሞት ሲል 1968 ላይ ዶቲ ቶምፕሰን የምትባል ሴት ተረከበችው፣ ከሁላ መምህሩ ከጆርጅ ናኦፔ ጋር ሆና ወደ ሁላ አዞረችው፣ 1971 ላይ የሴቶች ውድድር ተጀመረ፣ ወንዶቹ 1976 ላይ ገቡ። እሷ ካረፈች በኋላ ልጇ ሉዋና ካዌሉ ይዛዋለች።

ጨዋታ ወዳዱ የተባለው ንጉሥ ይሄው ካላካዋ ነው፣ ከ1874 እስከ 1891 የነገሠው። ከሱ በፊት ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሚሲዮናውያን 1820 ላይ መጡ፣ ሁላን ነውርና ጣዖት ነው አሉ፣ ክርስቲያን የሆነችው ንግሥት ካአሁማኑ 1830 ላይ በአደባባይ እንዳይጨፈር ከለከለች። ሁላ ግን አልጠፋም፣ ገጠር ገባ፣ ቤት ውስጥ ከእናት ወደ ልጅ ተላለፈ። ካላካዋ 1883 ላይ የዘውድ በዓሉን ሲያከብር ጨፋሪዎቹን ቤተመንግሥቱ ግቢ ድረስ ጠርቶ በግልጽ አስጨፈራቸው። ፌስቲቫሉ በስሙ የተጠራው ለዚህ ነው።

ቋንቋው ደሞ ሌላ ቁስል ነው። 1893 ላይ የሃዋይ ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ ከዙፋን ወረደች፣ 1896 ላይ ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን የሚል ህግ ወጣ፣ ልጆች ሃዋይኛ ስላወሩ ይቀጡ ነበር፣ ከዛ በኋላ ያለው ትውልድ አያቶቹ የሚያወሩትን የማይሰማ ሆነ። ሃዋይኛ የአሜሪካ ግዛት የሆነችው የሃዋይ ይፋዊ ቋንቋ የሆነው ገና 1978 ላይ ነው። በመሃል ቋንቋውን ይዘው ከቆዩት ነገሮች አንዱ ሁላ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፣ ምክንያቱም የማይገባህን ግጥም በእጅህ ልታወራው አትችልም።

ግጥሙ ደሞ ቀጥተኛ አይደለም። ካኦና የሚሉት ነገር አለ፣ ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ሰምና ወርቅ በሉት። ላይ ላዩን ስለ ዝናብ ነው ስለ አበባ ነው፣ ውስጡ ፍቅረኛ አለች፣ ወይ ንጉሥ ይወደሳል፣ ወይ የሞተ ሰው ይለቀሳል። ዝናቡ ራሱ በየቦታው ስም አለው፣ የሂሎው ካኒሌሁዋ ይባላል። ስለዚህ መምህሯ ወይ መምህሩ፣ ኩሙ ሁላ ነው የሚባሉት፣ ተማሪዎቹን ግጥሙ የሚጠራው ተራራ ወይ ባህር ዳር ድረስ ይዘው ይሄዳሉ፣ ንፋሱን ሳታውቂው ንፋሱን አትጨፍሪም ነው ነገሩ።

ትምህርት ቤቱ ሃላው ይባላል፣ ዝም ተብሎ አይገባም፣ በር ላይ ቆመው በዜማ ፍቃድ ይጠይቃሉ፣ ከውስጥ በዜማ ሲመለስላቸው ነው የሚገቡት። ጉልበት ታጥፎ ለረጅም ሰዓት መቆየት አለበት፣ ሞክሩት እስቲ አምስት ደቂቃ፣ ጭን ያቃጥላል። ጨፋሪዎቹ ደሞ በጭፈራ ደመወዝ የሚከፈላቸው አይደሉም፣ ቀን ስራ ውለው ማታ የሚለማመዱ ናቸው፣ ለትኬትና ለልብስ ምግብ ሸጠው ብር ያዋጣሉ።

በፌስቲቫሉ ሳምንት ማሳያው ረቡዕ ማታ በነጻ ነው፣ ውድድር የለውም። ሐሙስ ሴቶች ለብቻ ለብቻ ሚስ አሎሃ ሁላ ለሚባለው ይወዳደራሉ፣ ቋንቋውን አሳምራ ለተጠቀመች ለብቻው ሽልማት አለ። ዓርብ ካሂኮ ነው፣ ጥንታዊው፣ ዜማና ከቅል የተሰራ ከበሮ ብቻ፣ ወይ ከኮኮናት ግንድ ተቦርቡሮ የሻርክ ቆዳ የተወጠረበት። ቅዳሜ አዉዋና ነው፣ ጊታርና ኡኩሌሌ ያለበት ዘመናዊው። ለኔ ካሂኮው ይበልጣል፣ ሃያ ሰላሳ ሰው አንድ ላይ መድረኩን ሲረግጥ ሌላ ነገር ነው። ዳኞች የሚያዩት እጅና እግር ብቻ አይደለም፣ አገባቡም አወጣጡም፣ ልብሱም የአበባ ጉንጉኑም ከግጥሙ ጋር መሄድ አለበት፣ ሃላዎቹ የግጥሙን ትርጉም ጽፈው አስቀድመው ለዳኞች ይሰጣሉ።

ሁሉም አይስማማም ደሞ። ሁላ ነጥብ አይሰጠውም ብለው ፈጽሞ የማይወዳደሩ መምህራን አሉ። ውድድሩ የሚካሄድበት ስታዲየም በስሟ የተጠራው የሁላ መምህርቷ የኤዲት ካናካዖሌ ቤተሰብ ሃላው፣ ሃላው ኦ ኬኩሂ፣ ረቡዕ ማታ ወጥቶ የእሳተ ገሞራዋን አምላክ የፔሌን ሁላ ይጨፍራል እንጂ ለዋንጫ አይሰለፍም። (እሷ 2023 ላይ የአሜሪካ ሳንቲም ላይ ወጥታለች።)

ጉንጉኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቅጠሉና አበባው ከጫካ ነው የሚለቀመው፣ ሲለቀም ፍቃድ ይጠየቃል፣ ጫካው የላካ ነው፣ የሁላዋ አምላክ። በጣም የሚወደደው ኦሂያ የሚባለው ዛፍ አበባ ነው፣ ቀዩ ሌሁዋ። ግን ይሄን ዛፍ የሚያደርቅ ፈንገስ መጣ፣ በትልቁ ደሴት ብዙ ዛፍ ጨረሰ፣ ኦሂያን ከደሴቱ ያለፍቃድ ማውጣት ተከለከለ፣ 2016 ላይ ፌስቲቫሉ ራሱ ሃላዎቹን እባካችሁ ሌሁዋ አትልቀሙ አለ። ብዙዎቹ እሺ አሉ። ሌሁዋን የሚጠራ ግጥም እየተዜመ ጭንቅላት ላይ ሌሁዋ የለም ማለት ነው፣ አበባውን የሚሰራው እጅ ብቻ ሆነ።