አደራ ምንድን ነው? ከጋራዥ ለጠፋ መኪና ማን ይከፍላል?

ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ገብታችሁ ቁልፉን ለሜካኒኩ ስትሰጡ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «ማታ ውሰዱት» የሚል ቃል ብቻ ነው። ወረቀት ካለም ዘይት የነካው ብጣሽ ነው። ማታ ተመልሳችሁ መኪናው በቦታው ከሌለ ሁሉም የሚጠይቀው «ማን ሰረቀው?» ብሎ ነው። ለፖሊስ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ካሳ ለሚፈልግ ሰው ግን «ማን ተረክቦት ነበር?» የሚለው ይቀድማል።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እየተባልን ስላደግን አደራን የምናውቀው የኅሊና ጉዳይ አድርገን ነው። «አደራ በላ» ስድብ እንጂ የሕግ ቃል አይመስለንም። ይሁንና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2779 ጀምሮ የአደራ ውልን ይደነግጋል። አንዱ ወገን የሌላውን ተንቀሳቃሽ ንብረት ተቀብሎ በደህና ለመጠበቅ የሚገባው ግዴታ ነው። ጋራዥ ጋ ያለን ውል በዋናነት የሥራ ውል ነው፤ ፍሬን ሸራ ይቀየራል፣ ሞተር ይወርዳል። ነገር ግን ባለጋራዡ መኪናውን ሳይረከብ ሊሠራው አይችልም፤ ስለዚህ ጠብቆ የመመለሱ ግዴታ ከጥገናው ጋር አብሮ ይመጣል። ጠበቆች የውሉን ስም ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ መኪናው መመለስ ነበረበት በሚለው ላይ ግን ብዙ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም።

የክርክሩ ቁልፍ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1791 ነው። ውሉን ያልፈጸመ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ካሳ ይከፍላል፤ ነጻ የሚወጣው ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳገደው ካስረዳ ነው። አስረጂው ጋራዡ ነው ማለት ነው። እናንተ የምታስረዱት መኪናው እንደገባና እንዳልተመለሰ ነው፤ ሌባውን ፈልጎ የማግኘት ዕዳ የለባችሁም። ብዙ ሰው «ሌባው ሲያዝ እንነጋገራለን» በሚል ቃል ተሸንግሎ ወራት የሚያባክነው ይህን ባለማወቅ ነው።

ታዲያ ስርቆት ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው? ሕጉ የሚለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና አፈጻጸሙን ፈጽሞ የሚያግድ ነገር መሆን አለበት ነው። ከመርካቶ ጥግ የሚሠራ ባለጋራዥ «መኪና ይሰረቃል ብዬ አላሰብኩም» ቢል፣ ዘበኛውን ለምን ቀጠረው? ግቢው ስለጠበበው የደንበኛ መኪና አስፋልት ዳር የሚያሳድር፣ ቁልፎቹን ሁሉ በር አጠገብ ሚስማር ላይ የሚሰቅል ሰውማ ክርክሩ ገና ሳይጀመር የተሸነፈ ነው። መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሌሊት ገብተው ዘበኛውን አስረው ወስደውት ከሆነ ግን ጋራዡም የሚለው ይኖረዋል። የወሰደው «ልሞክረው» ብሎ የወጣ የራሱ ረዳት ከሆነ ደግሞ ረዳቱ ለባለጋራዡ ባዕድ ሰው አይደለምና ያ መከላከያ አይሠራም።

ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው «ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ማስታወቂያ የሚያስፈራውን ያህል ኃይል የለውም። አንድ ወገን ብቻውን ያወጣው ደንብ ሌላውን የሚያስረው አውቆ ሲቀበለው ነው። ፈርማችሁበት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጋራዥ ወረቀት ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ወረቀት ያልያዘ ሰውም ባዶ እጁን አይደለም። የጥገና ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም። ለዕቃ መግዣ ብላችሁ በቴሌብር የላካችሁት ቀብድ፣ «ባትሪው ደክሟል፣ ይቀየር?» ብሎ ሜካኒኩ የጻፈላችሁ መልእክት፣ መኪናው ሲገባ ያየው ጎሚስታ ሁሉም ማስረጃ ነው። በዚያው ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ በዕለት ሁኔታ መዝገብ ማስመዝገብም ግድ ነው፤ ሊብሬው፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ አብረው ይያዙ። ይህ ሌባውን ለማስያዝ ብቻ አይደለም። የተሰረቀው መኪና ሰው ቢገጭ መጀመሪያ የሚፈለገው ባለቤቱ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከኃላፊነት የሚድነው አደጋው ሲደርስ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው።

አሁን ወደሚያጣላው ነገር እንግባ፤ ስንት ይከፈል?

ባለጋራዡ መጀመሪያ የሚመዘው የግዢ ውላችሁን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ውልና ማስረጃ ፊት የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ በእጅ ከተከፈለው ያነሰ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ያን ዕለት ግብር ለመቀነስ የተጻፈው ቁጥር ዛሬ በገዛ ባለቤቱ ላይ ይመሰክራል። ቀጥሎ የሚመጣው «አሮጌ መኪና ነው፣ ተጠቅመህበታል» የሚል ነው። ሌላ አገር ቢሆን ያስኬድ ይሆናል። እዚህ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። ከአምስት ዓመት በፊት የተገዛች ቪትዝ እያረጀች ብትሄድም በብር ሲቆጠር ዋጋዋ ጨምሯል።

ሕጉ ካሳውን የሚለካው ውሉ ባለመፈጸሙ በደረሰው ጉዳት ነው። የደረሰባችሁ ጉዳት መኪና ማጣት ነው፤ እኔ እንደምረዳው ተገቢው መለኪያ ያው ሞዴል፣ ያው ዓመተ ምርት፣ በዚያው ይዞታ ያለ መኪና ዛሬ የሚገዛበት ዋጋ ነው። ይህን በአፍ ከመናገር ከመኪና ሻጮች በጽሑፍ የዋጋ ማቅረቢያ መሰብሰብ ይሻላል፤ ፍርድ ቤቱም ባለሙያ አስገምቶ ሊወስን ይችላል። በቅርቡ ሞተር አሠርታችሁ ወይም አራቱንም ጎማ ቀይራችሁ ከነበረ ደረሰኙን አትጣሉት።

በመኪናው እንጀራ ለሚበላ ሰው የቀረበት ገቢም አለ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር፣ ከተለመደው በላይ የሆነ ጉዳት የሚካሰው ባለጋራዡ ልዩ ሁኔታውን ውሉ ሲደረግ ያውቅ ከነበረ ነው። ታርጋው የታክሲ ወይም የንግድ ከሆነ አላውቅም ማለት ይከብደዋል፤ የግል ከሆነ ግን ቁልፉን ስትሰጡ መናገር ነበረባችሁ። ደግሞም ተጎጂው ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበትና ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ የየቀኑን ገቢ መደመር አያዋጣም።

ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው መንገዱ ያጥራል። የሦስተኛ ወገኑ ግዴታ ቢሆንም ለተሰረቀ መኪና አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ሙሉ ኢንሹራንሱም ቢሆን ፖሊሲው ላይ ከሰፈረው መጠን አያልፍም፤ በየዓመቱ ሲታደስ የመኪናውን ዋጋ ሳያስተካክል የቀጠለ ሰው ልዩነቱን ከጋራዡ ይጠይቃል። ኩባንያው ከከፈለ በኋላ በከፈለው ልክ በባለቤቱ እግር ተተክቶ ጋራዡን ይጠይቃል፤ የንግድ ሕጉ ይህን መብት ሰጥቶታል።

ክስ ከመመሥረት በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላካል። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በአሥር ዓመት፣ ከውል ውጭ ያለው በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ክሱ የቱ እንደሆነ አቤቱታው ላይ በግልጽ መጻፉ ለዚህ ይጠቅማል። ልደታ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ግን ባለጋራዡ ሽማግሌ መላኩ አይቀርም። ሽምግልና መልካም ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ እመርጠዋለሁ። ሆኖም ግማሹን ተቀብላችሁ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ኢንሹራንስ ካላችሁ ኩባንያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጋራዡን የሚጠይቅበትን መብት ከዘጋችሁበት እሱም ለእናንተ አልከፍልም ሊል ይችላል።