ባውንስ ሬት ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ሰሞኑን አንድ አማካሪ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ምክር ሲለግስ ሰማሁ። «ባውንስ ሬት ማለት ገጻችሁን ከፍቶ፣ አይቶ፣ ጠልቶ የሄደ ሰው ብዛት ነው፤ ከ40 በመቶ ካለፈ ጎግል ወደ ታች ይጥላችኋል» አለ። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ስሕተት ቆጠርኩ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቀውን 40 ከጨመርንበት አራት። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን ይህንኑ ከስንት ሰው አፍ እንደሰማሁ መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ። በቅርቡ ደግሞ በዚህ ዓይነት ምክር ደህናውን ገጻቸውን ያስበላሹ ሰው ቢሮዬ ድረስ መጡ።

እኚህ ሰው ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ድረ ገጻቸው ጌጥ የለውም፤ የዕቃው ፎቶ፣ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን፣ አለ ወይም አልቋል የምትል ቃል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። በቃ። አንድ ባለሙያ ሪፖርቱን ከፍቶ ባውንስ ሬቱ 90 በመቶ አካባቢ መሆኑን ሲያይ ራሱን ነቀነቀና መድኃኒት አዘዘ፦ እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ቦታ ይቆራረጥ፣ ስልኩ የመጨረሻው ክፍል ላይ ይግባ፣ ሰዉ ከገጽ ወደ ገጽ እየተሸጋገረ ይድረስበት። እንደተባለው ተደረገ። ባውንስ ሬቱ ወረደ፤ ስልኩም መጥራቱን ቀነሰ። ሽማግሌው «ልጄ፣ ቁጥሩ ዳነ፤ እኔ ታመምኩ» አሉኝ።

ከሁሉ በፊት ጥፋተኛው ቃሉ ራሱ ነው። ባውንስ ሲባል ግድግዳ መትቶ የሚነጥር ኳስ ይታያል። ባንክ ቤት ሲገባ ገንዘብ የሌለው ቼክ ይሆናል፤ እኛ ደረቅ ቼክ የምንለው። ኢሜይል ላይ ሲመጣ ደግሞ አድራሻውን አጥቶ የተመለሰ መልእክት ነው። ሁሉም የከሸፈ ነገር ነው። ስለዚህ ቃሉን የድረ ገጽ ሪፖርት ላይ ያገኘ ሰው ክሽፈት ነው ብሎ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። መለኪያው ግን መውደድንም መጥላትንም አያውቅም።

ምን እንደሚያውቅ ለማየት አንድ ግቢ አስቡ። ዘበኛው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ሥራው እንግዳ ወደ አንድ ክፍል በገባ ቁጥር ሰዓቱን መጻፍ ነው። አንድ ጉድለት አለበት፤ የገባ እንጂ የወጣ አያይም። የመጀመሪያው እንግዳ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሳሎን ገባ፤ ተጻፈ። አቦል ጠጣ፣ ቶና ጠጣ፣ በረካውን ጠጥቶ መርቆ ሄደ። ሁለተኛው በዚያው ሰዓት ሳሎን ገባ፤ ቤት መሳሳቱን አውቆ ይቅርታ ብሎ ወዲያው ተመለሰ። ሦስተኛው ሳሎን ገብቶ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ወደ ጓዳ አለፈ። አሁን ደብተሩን ግለጡ። ሦስተኛው ሁለት መስመር አለው፤ ከሁለተኛው ሰዓት የመጀመሪያው ይቀነስና ዐሥር ደቂቃ ቆየ ይባላል። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ግን እኩል አንዳንድ መስመር አላቸው። ለመቀነስ ሁለት ሰዓት ስለሚያስፈልግ ሁለቱም የቆዩበት ጊዜ ዜሮ ተብሎ ይመዘገባል። ባውንስ የሚባለው ይኸው ባለ አንድ መስመር ጉብኝት ነው፤ ባውንስ ሬት ደግሞ ከመቶ ጉብኝት ስንቱ እንዲህ ያለ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር ነው። ሦስት ዙር ቡና የጠጣው እንግዳና ቤት የተሳሳተው እንግዳ በዚህ ደብተር አንድ ናቸው።

የድረ ገጽ ጉብኝትን የሚመዘግበው የጎግል መሣሪያ፣ የቀድሞው ጎግል አናሊቲክስ፣ ማለትም ሰኔ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ መረጃ መቀበል ያቆመው፣ በትክክል እንዲህ ያለ ዘበኛ ነበር። ጽሑፍ አንብቦ፣ ገጹ ሥር ደርሶ፣ ረክቶ የሄደ ሰው ሌላ ገጽ ካልከፈተ ወይም ለብቻው እንዲቆጠር የታዘዘ ነገር ካልነካ ለእርሱ ዜሮ ሰከንድ ነበር። በዚያ ዘመን «አማካይ ቆይታ» የሚባለውን ቁጥር ይዞ ስብሰባ ላይ ይከራከር የነበረ ሁሉ በዜሮዎች የተበረዘ ወተት ነበር የሚለካው።

በመንገዴ ላይ ልጨምር፤ ደብተሩ የሚቆጥረው ጉብኝትን ነው፣ ሰውን አይደለም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የመጣ አንድ ሰው ሦስት ጉብኝት ነው። እንቅስቃሴ ሳያደርግ 30 ደቂቃ ካለፈው ደግሞ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ይቆጠራል። «90 በመቶ ሰው» የሚል ሪፖርት ካያችሁ የጻፈው ሰው ደብተሩን አላነበበውም።

አዲሱ አናሊቲክስ፣ ባለ ቁጥር 4 የሚባለው፣ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ሲወጣ ባውንስ ሬትን ጭራሽ ትቶት ነበር። ሰዉ ጮኸ መሰለኝ፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ላይ ስሙን መለሰው። ስሙን እንጂ ትርጉሙን አልመለሰም። አዲሱ ዘበኛ አንድ ሙያ ተምሯል፤ እንግዳው ከገባ ዐሥር ሰከንድ ሲያልፈው ብድግ ብሎ በመስኮት ያያል። ጉብኝቱ ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ገጽ ከታየበት፣ ወይም ባለቤቱ ቁልፍ ነው ብሎ የመዘገበው ድርጊት ከተፈጸመበት ተሳትፎ ያለው ጉብኝት ይባላል። ባውንስ ሬት ከመቶው ላይ ይህ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው።

እንግዲህ ያንኑ ገጽ፣ ያንኑ አንባቢ፣ ያንኑ ጽሑፍ ይዛችሁ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ስትሻገሩ ቁጥሩ ጣት ሳታነሡ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን መውረድ «በእኛ ሥራ የተገኘ ውጤት» ብለው በባለ ቀለም ሠንጠረዥ ያቀረቡ ድርጅቶች ገጥመውኛል። በቁና የሰፈሩትን እህል በኪሎ ከመዘኑት ጋር አስተያይቶ ምርት ጨመረ ማለት ነው። ደግሞ ዐሥሩ ሰከንድ የማይነካ ሕግ አይደለም፤ ባለቤቱ ከፈለገ እስከ 60 ሰከንድ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ገደቡን ሳይናገር «የእኛ ባውንስ ሬት 30 ነው» የሚል ሰው ምንም አልነገራችሁም።

የሶማሌ ተራው ምሥጢር የተገለጠልኝም እዚህ ላይ ነው። ቅንብሩን ስከፍት ከብዙ ጊዜ በፊት የሠራላቸው ልጅ ገደቡን 60 ሰከንድ አድርጎት ኖሯል። የቪትዝ የፍሬን ሸራ የሚፈልግ ሾፌር ምን ያደርጋል? ጎግል ላይ ይጽፋል፣ ገጹን ይከፍታል፣ ፎቶውን ያያል፣ «አለ» የሚለውን ያነባል፣ ቁጥሩን ይዞ ይደውላል። ኔትወርኩ ካልተኛ ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዘበኛው በደቂቃው በመስኮት ሲያይ ሳሎኑ ባዶ ነው፤ እንግዳው ግን ጉዳዩን ጨርሶ ሄዷል። 90 በመቶው የተሳካ ገበያ እንጂ በሽታ አልነበረም።

እንዲህ ያሉ ገጾች ብዙ ናቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የዶላርን የዕለት ዋጋ ለማየት የባንክ ገጽ የሚከፍተው ሰው ቁጥሩን አይቶ ይዘጋል፤ «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ እንዲያነብለት የሚጠብቅ ባንክ ካለ ይገርመኛል። ፆም መቼ እንደሚገባ የሚጠይቅ፣ የልደት ቀኑን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሚቀይር፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። የምዝገባ ቅጽ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ግን ሰው ሁሉ ከደጅ የሚመለስ ከሆነ በእርግጥ መደንገጥ ይገባል። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ገጹ የተሠራበት ጉዳይ የተለያየ ነው። «ጥሩ ባውንስ ሬት ስንት ነው?» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ «የትኛው ገጽ?» የሚል ጥያቄ ነው። ሰዎች አይወዱትም።

ምሳሌውን ከጀመርኩት አይቀር ልጎትተው። ባውንስ ሬታቸው 3 በመቶ ደርሶ የሚፎክሩ አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ሁለተኛ ዘበኛ ነው። የመለኪያው ኮድ ሁለት ጊዜ ገብቶ ይሆናል፤ አንዱ በዲዛይኑ ውስጥ፣ ሌላው ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ተጨማሪ ፕሮግራም በኩል። እንግዳው አንድ ክፍል ይገባል፣ ሁለቱም ይጽፉታል፣ ደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ይሆናል፣ በቃ ማንም «ነጥሮ» አይመለስም። ይህን ቁጥር የሥራ ማመልከቻቸው ላይ ያሰፈሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ጨርሶ ያልተጻፈው እንግዳ ነው። ገጹ ከባድ፣ ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን የመለኪያው ኮድ መጨረሻ ላይ ሊጫን ይችላል። ሰውየው ነጩን ስክሪን አይቶ ተስፋ ቆርጦ ሲዘጋው ዘበኛው ገና እስክሪብቶ እየፈለገ ነው። ይህ በእውነት ተማርሮ የሄደ እንግዳ ነው፤ ግን የባውንስ ቁጥር ውስጥ የለም፣ ሪፖርቱም ውስጥ የለም። ውጤቱ አስቂኝ ነው፦ ገጹን አቅልላችሁ ስታፈጥኑ ያ ችኩል ሰው አሁን ይመዘገባልና ባውንስ ሬታችሁ ሊጨምር ይችላል። መልካም ሠርቶ ቁጥሩ ስለጨመረ ብቻ ሥራውን ወደ ኋላ የመለሰ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጎግል ቅጣት እንምጣ። የጎግል ሰዎች የአናሊቲክስን መረጃ ለፍለጋ ደረጃ እንደማይጠቀሙበት በተደጋጋሚ ተናግረዋል። እነርሱን አለማመን ይቻላል፤ ነገር ግን አናሊቲክስ ጨርሶ ያልገባባቸው፣ ወይም እንደ ማቶሞ ባለ ሌላ መሣሪያ የሚለኩ ድረ ገጾች ሞልተዋል። የእነርሱን ደብተር ጎግል ከየት አምጥቶ ያነብበዋል?

አማካሪው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ናቭቡስትስ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት በጎግል ላይ ባቀረበው የገበያ ቁጥጥር ክስ ችሎት ላይ የጎግል ምክትል ፕሬዚዳንት ፓንዱ ናያክ ናቭቡስት ስለተባለውና የተጠቃሚዎችን ጠቅታ ስለሚጠቀመው ሥርዓት መስክረዋል። ሆኖም ይህ ጠቅታ የሚታየው የት ነው? ጎግል ራሱ የፍለጋ ውጤቶቹ ገጽ ላይ ነው፤ በመንገዱ ላይ ቆሞ ማን ወደየትኛው ግቢ እንደታጠፈ ያያል። ከእናንተ ግቢ ተመልሶ የጎረቤትን በር ያንኳኳ አለ፤ ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሄደም አለ። ለመንገዱ ተመልካች ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ለእናንተ ዘበኛ ደብተር ግን ሁለቱም አንድ መስመር ናቸው። ስለዚህ ጎግል ጠቅታ ያያል ማለት ጎግል ባውንስ ሬታችሁን ያያል ማለት አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ሁለት ነገር ልበል። ወርን ከወር የምታወዳድሩ ከሆነ ሪፖርቱ የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ነው፤ ሴፕቴምበር ውስጥ የነሐሴ ጭራ፣ ጳጉሜን በሙሉ፣ የዘመን መለወጫ ገበያና የመስከረም ሁለት ሦስተኛ ታጭቀውበታል። ሁለተኛ፣ ሰዎች በምን ቃል ፈልገው እንደመጡ ስትመለከቱ ጸሐይና ፀሐይ፣ ሥራና ስራ በሁለት መስመር ተከፍለው ይመጣሉ። ሳትደምሩ «ይህን የሚፈልግ ሰው የለም» አትበሉ።

የሽማግሌውን ገጽ ወደ ነበረበት መለስነው። ስልኩ ከፎቶው አጠገብ ወጣ፣ ሲነኩት የሚደውል ማያያዣ ሆነ፣ ያ መነካት ደግሞ ቁልፍ ድርጊት ተብሎ ተመዘገበ፤ ገደቡም ወደ 10 ሰከንድ ወረደ። ቁጥሩን ከኮምፒውተር ላይ አይቶ በእጁ ስልክ የሚደውለው ሰው አሁንም አይቆጠርም፤ ይህን ነግሬያቸዋለሁ። ወር ሲሞላው ሪፖርቱን አየሁና ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ባውንስ ሬቱ ከግማሽ በታች ወርዷል።»

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። የሚደውለው ሰው እንዴት ነው?»

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሌላኛው ስልካቸው ሲጮኽ ተሰማኝ። «ቆየኝማ ልጄ፣ ደንበኛ ነው» አሉና ዘጉብኝ።