ኦክቴን ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ኦክቴን የቤንዚን ጉልበት ይመስለዋል። አይደለም። ቤንዚን ሲታመቅ ያለጊዜው ሳይነድ ምን ያህል እንደሚታገሥ የሚናገር ቁጥር ነው። ለመለኪያ ሁለት ፈሳሾች ተመርጠው፣ ታጋሹ አይሶኦክቴን 100፣ ቶሎ ቱግ የሚለው ሄፕቴን 0 ተሰጣቸው። ባለ 95 ቤንዚን ማለት 95 እጅ አይሶኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን ተደባልቀው የሚታገሡትን ያህል የሚታገሥ ነው።

ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ አየሩንና ቤንዚኑን ያምቃል፣ ካንዴላው ይለኩሳል። ትዕግሥት የሌለው ቤንዚን ግን እሳቱ እስኪደርሰው አይጠብቅም፤ ከግፊቱና ከሙቀቱ የተነሣ ጥግ ላይ በራሱ ይፈነዳል። ያኔ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲናጥ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ማንኳኳት የሚባለው ይህ ነው። ሲበረታ ፒስቶን እስከ መብሳት ይደርሳል።

ይህን እንደ ሰሜን ሸዋ መንገድ የሚያስረዳ የለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ዝቅ ይላል፤ ደካማ ቤንዚን እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል። ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል። ከዚያ ጭነት ይዛችሁ ወደ ደብረ ሲና ዳገቱን ስትያያዙት ያው ቤንዚን ማንኳኳት ሊጀምር ይችላል። ማርሽ ቀንሱ፣ ነዳጅ አትርገጡ። አዳዲስ መኪኖች ይህን በራሳቸው አውቀው የካንዴላውን እሳት ያዘገያሉ፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ጉልበቱ ግን ይወርዳል።

የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር በመኪናው መመሪያ ወይም በነዳጅ መክፈቻው ክዳን ጀርባ ተጽፏል። 91 ለሚበቃው መኪና 95 መቅዳት ጥቅሙ አይታየኝም። እኔን የሚያሳስበኝ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ነው። ላምባ ወይም ናፍጣ ጠብ ካለበት ኦክቴኑ ክፉኛ ይወድቃል። በስሕተት ናፍጣ ከተቀዳባችሁ ደግሞ ቁልፉን አትንኩ፤ መኪናውን ገፍታችሁ አስወጡና መካኒክ ያራግፈው።

ስትቀዱ ሞተር ይጥፋ፣ ሲጋራ አይኑር። «ብርዱ ምን ያነደዋል?» የሚሉ አሉ። የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ አያድናችሁም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ራቅ ብሎ የተለኮሰ ክብሪት ሊደርሰው ይችላል። ጀሪካን መኪና ላይ እንደተጫነ አይቀዳበት፤ መሬት ላይ አውርዱት፣ የመቅጃው አፍንጫ የጀሪካኑን አፍ ይንካ። ፕላስቲክ ላይ ከሚጠራቀም ኤሌክትሪክ የሚወጣ ብልጭታ ትነቱን ለማቀጣጠል ይበቃል።

መቅጃው በራሱ ቀጭ ብሎ ሲቆም «ትንሽ ጨምርበት» አትበሉ። በደጋ ቅዝቃዜ የተሞላ 40 ሊትር ቤንዚን ቆላ ወርዶ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.8 ሊትር ያህል ያብጣል፤ ለዚያ ቦታ ተዉለት።