እግር ያጣችው ወፍ፦ የሩቅ አገር አዕዋፍ በሠዓሊዎች እጅ

ካሜራ ሳይፈለሰፍ በፊት አውሮፓውያን የሩቅ አገር ወፍ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት በሥዕል ነበር። ችግሩ ሠዓሊውም ራሱ ወፏን በሕይወት አላያትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከመርከብ የወረደ ደረቅ ቆዳና ላባ ነው። ከእሱ የጎደለው ነገር ከሥዕሉም ይጎድላል።

የገነት ወፍን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1522 ከፖርቱጋላዊው መርከበኛ ከማጄላን ጉዞ የተረፈችው መርከብ የዚህችን ወፍ ቆዳ ይዛ ስፔን ገባች። ወፏ የምትገኝበት የኒው ጊኒ ደሴት አዳኞች ቆዳውን ሲያደርቁ እግሩን ቆርጠው ይጥሉታል። የሚፈለገው ላባው ነዋ! አውሮፓ ውስጥ ግን ወፏ ሲፈጥራት እግር የላትም፣ መሬት ሳትነካ ሰማይ ላይ ትኖራለች ተባለ። ሠዓሊዎችም ያለ እግር ስትንሳፈፍ ሣሏት። ወሬው ሥር ከመስደዱ የተነሳ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 ለአንዷ ዝርያ ያወጣላት ሳይንሳዊ ስም ትርጉሙ «እግር የለሽ» ነው። ዛሬም የምትጠራው በዚሁ ስም ነው።

እኔን ከሁሉም የሚደንቀኝ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሊር ነው። በ1830 ለንደን፣ ሬጀንት ፓርክ በሚገኘው የእንስሳት ማቆያ በቀቀኖችን ከነሕይወታቸው መሣል ሲጀምር ገና 18 ዓመቱ ነበር። ጠባቂው ወፏን ይይዝለታል፤ እሱ ክንፏንና እግሯን ይለካል። ከዚያ ራሱ ቅባት ባለው እርሳስ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ ይሥላታል። ድንጋዩ በውሃ ይረጥብና የኅትመት ቀለም ይቀባል። ቀለሙ የሚይዘው ቅባቱ ያለበትን መስመር ብቻ ነው። በላዩ ወረቀት ሲጫን ሥዕሉ ይታተማል። ሊቶግራፊ የሚባለው ይህ ነው። የሚወጣው ገጽ ግን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ቅጂ በውሃ ቀለም አንድ በአንድ በእጅ ይቀባል። ድንጋዩም ውድ ነው፤ ኅትመቱ ሲያልቅ ተፍቆ ለሌላ ሥዕል ይውላል። ሊር እስከ 1832 ድረስ እንዲህ እየለፋ 42 ሥዕሎች አወጣ። በቀቀኖቹን ስታዩአቸው አንዱ ያኮረፈ፣ ሌላው ወሬ የሚያዳምጥ ይመስላል።

ኤሊዛቤት ጉልድ ደግሞ የሚገባትን ያህል ስሟ አይነሳም። በባሏ በጆን ጉልድ ስም ለታወቁት የአዕዋፍ መጻሕፍት ከ600 በላይ ሥዕሎች ሠርታለች። በ1838 ትንንሽ ልጆቿን እንግሊዝ ትታ ከባሏ ጋር ለሥራ አውስትራሊያ ድረስ ሄደች። ከተመለሰች በኋላ በ1841 ስምንተኛ ልጇን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ገና 37 ዓመቷ ነበር።

ከእነዚህ ሠዓሊዎች ወደ እኛ አገር የመጣም አለ። አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ በ1926 እና በ1927 ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ቡድን ጋር ኢትዮጵያን ዞሯል። ወፍ ሲሞት የዓይኑና የምንቃሩ ቀለም ወዲያው መደብዘዝ ይጀምራል። ፉዌርቴስ ይህን ስለሚያውቅ ወፉ እንደተገደለ፣ ቀለሙ ሳይጠፋ፣ እዚያው ቡድኑ የሰፈረበት ቦታ ላይ ይሥለው ነበር። ከ100 በላይ ሥዕል ይዞ አገሩ ገባ። በኦገስት 1927 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሥዕሎቹን ለወዳጁ አሳይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ መኪናውን ባቡር ገጨው፤ ሕይወቱም አለፈ። ሥዕሎቹ ከመኪናው ተወርውረው ሳይጎዱ ተገኙ። ሙዚየሙ በ1930 ከመካከላቸው 32ቱን አሳተመ።