አሥራት በኩራት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን

አሥራት በኩራት ምእመናን ካገኙት ከዐሥር አንዱን፣ ከአዲስ ምርት ወይም ገቢም የመጀመሪያውን ለእግዚአብሔር የሚሰጡበት ሥርዓት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሀብቱ ቀድሞም የእግዚአብሔር ነው፤ ሰው በገንዘቡ ላይ መጋቢ እንጂ ጌታ ስላልሆነ አሥራት የሚያወጣ የባለቤቱን ድርሻ ይመልሳል። ነቢዩ ሚልክያስ አሥራት ያስቀሩትን እንደ ሰራቂ የሚወቅሳቸውም ለዚህ ነው (3፥8)።

ሥርዓቱ ከኦሪት ሕግም ይቀድማል። አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ አሥራት ሰጥቷል፣ ያዕቆብም ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ሊያወጣ በቤቴል ተስሏል። በሕጉ ዘመን ርስት ያልተሰጣቸው ሌዋውያን በአሥራት ይኖሩ ነበር። በየሦስተኛው ዓመት ከሚወጣው ደግሞ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡ ታዝዟል (ዘዳ. 14፥28-29)። ዛሬ መስኮተ ሰማይ እንደሚከፈት የሚናገረው የሚልክያስ ቃል በየመድረኩ ሲጠቀስ ይህኛው እምብዛም አይነሣም፤ መነሣት ግን ነበረበት።

በአገራችን ታሪክ ነገሩ ጠመዝማዛ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለሠራዊቱ ስንቅ ተብሎ ከገበሬው እህል አሥራት የሚያስከፍለው መንግሥት ነበር። ይህ ግብር እስከ 1960 ዓ.ም. ቆይቶ በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲተካ፣ አዲሱ ግብር ጎጃምን ለዐመፅ አነሣሣ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በበኩሏ በዋናነት የምትተዳደረው በመሬት ነበር፤ ካህኑም ደብተራውም ለአገልግሎቱ የተመደበለትን መሬት አርሶ ወይም አሳርሶ ይኖራል። ምእመኑ መባውን፣ ዕጣኑንና ጧፉን ያመጣል፣ ዝክሩን ያወጣል፤ የአገልጋዩ ቀለብ ግን በአብዛኛው ከመሬቱ ነበር።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀረ። ደግነቱ ከዚያ በፊት፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ ወጥቶ ነበር። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚወከሉበት ሰበካ ጉባኤ የአጥቢያውን ገንዘብ እንዲያስተዳድር የተደነገገው በዚህ ሕግ ነው። መሬቱ ሲሄድ አገልግሎቱን የተሸከመው የምእመናን መዋጮ ሆነ፤ የአሥራት ትምህርትም ከዚያ ወዲህ ሌላ ክብደት አገኘ።

አወጣጡ እንደ ኑሮው ይለያያል። ደመወዝተኛ በየወሩ፣ ነጋዴ ከትርፉ፣ ገበሬ ከአውድማው ያወጣል። አዲስ ተቀጣሪ የመጀመሪያ ደመወዙን በኩራት ብሎ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ከግብር በፊት ካለው ደመወዝ ነው ወይስ እጅ ከገባው የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይነሣል። ስለት ግን ለብቻው ነው፤ ለቅዱስ ገብርኤል ጥላ ወይም ምንጣፍ ያስገባ ሰው አሥራቱን ከፈለ አይባልም።

ትልቁ ችግር ክፍፍሉ ላይ ነው። በከተማ ያሉ ደብሮች ከሙዳየ ምጽዋትና ከሱቅ ኪራይ ብዙ ሲሰበስቡ፣ በገጠር አገልጋይ አጥተው የሚዘጉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ከአጥቢያ ወደ ላይ ፈሰስ የሚደረገው ገንዘብ ይህን ክፍተት አልሞላውም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አጥቢያዎች ደግሞ መሬትም ኪራይም ስለሌላቸው ብዙዎቹ የሕንፃ ዕዳቸውን የሚከፍሉት በአባላት ወርኃዊ መዋጮ ነው። እዚያ ያለ ምእመን አሥራቱን ለሚቆርብበት ደብር ይስጥ ወይስ ክርስትና ለተነሣበት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይላክ የሚለውን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው የንስሐ አባቱን ነው።