«እረኛ ምን አለ?»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና የመንግሥት ጆሮ

«እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ከብት እየጠየቀ አይደለም። አገሩ ምን ይላል፣ ሰዉን ምን ከፍቶታል፣ ምን ሊመጣ ነው ማለቱ ነው። ደሴ ውስጥ ከገጠር የመጣ ዘመድ ቡና ላይ ሲቀመጥ፣ አቦሉን ፉት ሳይል ይህ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል። ዝናቡን፣ የማዳበሪያውን ዋጋ፣ የመንገዱን ሰላም ሁሉ ባንድ ትንፋሽ መጠየቂያ ነው። ጋዜጠኞችም ይወዱታል፤ ሹም የሕዝብ ብሶት አልሰማ ሲል «እረኛ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ» ብለው ይጽፉበታል።

አመጣጡ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የደረሰን ነው። የጥንት ነገሥታትና መኳንንት አዋጅ ካስነገሩ ወይም ግብር ከጨመሩ በኋላ፣ ከአገር ቤት የተመለሰውን መልእክተኛ «እረኛ ምን አለ?» ይሉት ነበር ይባላል። ሰው ልከው እረኞች የሚያዜሙትን ግጥም ያስለቅሙ እንደነበርም ይነገራል። ግጥሙ ይመጣል፣ ሰሙ ተገልጦ ወርቁ ይፈተሻል። የእረኛ ቃል እንደ ትንቢትም ይቆጠር ስለነበር፣ ጋራ ላይ ክፉ ዜማ ከተሰማ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንቅልፍ አይኖርም።

አዋቂና ሊቅ ሞልቶ ሳለ ለምን እረኛ? እረኛ ልጅ ነው፤ የሚሻርበት ሹመት የለውም። ማታ አባትና እናቱ ምድጃ ዳር ያንሾካሾኩትን ሰምቶ ያድርና ቀን ጮክ ብሎ ያዜመዋል። አንዱ የጀመረውን ማዶ ያለው ይቀበለዋል፤ ከብቱ ሲገባ ግጥሙ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም። ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው ማንም ሳይናቅ የሚገባበት የግብር ቤት ስለነበር ነው ይላሉ። ጥሩ ስም ነው። ግን ግብር ቤት ገብቶ የበላና የጠጣ ሰው ምን ይላል? ያመሰግናል። አዝማሪው እንኳ ቢነካ ሸፍኖ ነው። ያልበላውን ለመስማት ወደ ሜዳ መውጣት የግድ ነበር።

አባባሉን የሚፈቱ ብዙዎች «መሪ ሕዝቡን ያዳምጥ ማለት ነው» ብለው ያቆማሉ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን አጠያየቁን ልብ አይሉትም። ንጉሡ የጠየቀው «ምን አለ?» ብሎ ነው እንጂ «ማን አለ?» ብሎ አይደለም። የልጁ ስም፣ የአባቱ ስም፣ መንደሩ አልተፈለገም። ስሙን የሚፈልገው ሌላ ሰው ነው፤ አማርኛችን «ጆሮ ጠቢ» ይለዋል። ጆሮ ጠቢ ለተባለው ነገር ግድ የለውም፣ ለእሱ ዋናው ያለው ሰው ነው። እሱን በመፍራት ነው «ግድግዳም ጆሮ አለው» እየተባለ ድምፅ ዝቅ የሚደረገው።

ይህ ሰው በየዘመኑ መልኩን ይለውጣል። ቀበሌ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲቋቋም ትርፍ ቤት ሊያስተዳድርና የሰፈር ጉዳይ ሊፈጽም ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በቀይ ሽብር ጊዜ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ከዚያው ቀበሌ እየተነሱ ቤት ለቤት አሰሳ ወጡ። ከዚያ ሰዉን በአምስት በአምስት በአንድ መሪ ሥር የሚያደራጀው «አንድ ለአምስት» መጣ። ለልማት ነው ተባለ፤ ሰው ግን ከአምስቱ ወሬ አመላላሹ ማን እንደሆነ እያሰበ ይናገር ጀመር። በኋላ ደግሞ ጆሮው ሶፍትዌር ሆነ። በ2006 ዓ.ም. የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች በሰላይ ሶፍትዌር ኢላማ መደረጋቸውን አወጣ። በሰኔ 2007 መጨረሻ የሶፍትዌሩ ሠሪ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሰነዶች ሾልከው ሲወጡ፣ ከደንበኞቹ መካከል የኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ተገኘ።

እስካሁን ያልኩትን ብቻ ይዞ «መንግሥት ጆሮውን ይሰብስብ» ማለት ቀላል ነበር። የደሴ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይችልም። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ገባ፤ ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያ ሰሞን «ጸጉረ ልውጥ ሰው ካያችሁ ጠቁሙ» ይባል ነበር። ሰርጎ ገብ የሚባል ነገር የለም ብሎ የሚከራከርም አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ «ማን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቦምብ የሚያጠምድ ሰው ጋራ ላይ ወጥቶ አያዜምም። ጣጣው ጥቆማ ማስረጃ መስሎ ሲያልፍ ነው። አነጋገሩ ወይም ስሙ ያስጠረጠረው፣ በቤት ኪራይ ከጎረቤት የተጣላው፣ እውነተኛው ሰርጎ ገብ፣ ሁሉም ባንድ ዓይን ይታያሉ። የድሮው አፈርሳታ ጨካኝ ነበር፤ ሌባ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሌባው ካልተገኘም ጉዳቱን በጋራ ይከፍላሉ። ደጅ መዋሉ ያስመርራል። ቢሆንም ሰው እየተመረመረ መሆኑን በፀሐይ ያውቅ ነበር።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ አንድ ቀን ኬላ ላይ ቆምን። ረዳቱ «መታወቂያ እያወጣችሁ!» አለ፤ አወጣን። ሻንጣ ተከፈተ፣ የጤፍ ከረጢት ተዳበሰ፣ ያጉረመረመ የለም። ከኋላ የተቀመጡ እናት እንደውም «ይፈትሹ እንጂ፤ አብሽሩ፣ ለእኛው ነው» አሉ። ከዚያ ፈታሹ አጠገባቸው ያለውን ወጣት «ስልክህን ክፈት» አለው። ልጁ ከፈተለት። ፈታሹ ፎቶውን በአውራ ጣቱ እየገፋ ሠርግ አየ፣ ሕፃን አየ፣ የታመመ ሰው አልጋ ላይ አየ። እኚያው እናት ድምፃቸው ተለወጠ፤ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የሰው ጓዳ ነው!» አሉት። «ታዘን ነው፣ እማማ» አላቸው፣ ቀና ሳይል።

ሻንጣውን ፈቅደው ጓዳውን የከለከሉት እናት የሕግ ሰው አይመስሉኝም፤ ያሉት ግን በሕግ ከተጻፈ ቆይቷል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26፣ ሕግ ከፈቀደው በቀር የሰውን የደብዳቤ ምስጢር መድፈር ከልክሎ ነበር። የ1948ቱ ደግሞ በአገር ላይ አስቸኳይ ሁኔታ ካልታወጀ በስተቀር ደብዳቤ እንዳይመረመር አለ። የ1987ቱም፣ ቁጥሩ ገጥሞ፣ በዚያው በአንቀጽ 26 ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከብርበራ፣ ደብዳቤን፣ ስልክንና የኤሌክትሮኒክስ መልእክትን ከመደፈር ይጠብቃል። ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር ነው፤ ያውም ብሔራዊ ደህንነትን፣ የሕዝብን ሰላምና መሰል ጉዳዮችን ለመጠበቅ ተለይቶ በወጣ ሕግ። ብዙ የተወቀሰው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 እንኳ፣ በ2012 በአዋጅ 1176 እስኪተካ ድረስ፣ ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቅ ነበር። እኔ ሚዛኑ እዚህ ላይ ነው የምለው። «ማን?» የሚለውን ጥያቄ ደህንነቱ ይጠይቅ፤ ግን መጀመሪያ ሰውየው ምን እንዳደረገ ለዳኛ ያስረዳ፣ ዳኛውም እስከ መቼ እንደሚሰማ ቀን ይቁረጥ። ሁሌ «እሺ» የሚል ዳኛ ካለ ደግሞ ወረቀቱ ብቻውን ማንንም አያድንም።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ይህ በር ይላላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 በምንም ሁኔታ የማይታገዱትን ሲዘረዝር አንቀጽ 1ን፣ 18ን፣ 25ንና የ39ን ሁለት ንዑስ አንቀጾች ይጠራል፤ ጓዳችንን የሚጠብቀው 26 እዚያ ውስጥ የለም። የሚቋቋመው መርማሪ ቦርድ ሰባት አባላት አሉት፤ የታሰሩትን ስምና ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል፣ ኢሰብዓዊ ድርጊት መኖር አለመኖሩን ይከታተላል። ስለ ተጠለፈ ስልክ ወይም ስለ ተበረበረ የስልክ ፎቶ ግን በሥራ ዝርዝሩ ላይ በስም የተጻፈ ነገር የለም። የታሰረ ሰው ቤተሰቡ ይፈልገዋል፤ የተሰማ ሰው ግን መሰማቱንም አያውቅ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚባለው ሰው የራሱን ወሬ መጨረሻ ስለሚሰማ ነው፤ ለዚህም ይሠራል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 አማራ ክልል ላይ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ምክንያቱ ደህንነት ነው ተባለ። ያኔ የደሴና የኮምቦልቻ ዋና ዜና አመላላሾች የሚኒባስና የጭነት መኪና ሹፌሮች ሆኑ፤ በየኬላው የሰሙትን እያጋነኑ፣ ያልሰሙትንም እየጨመሩ ያወሩ ነበር። እውነተኛ ስጋት ያለበትን ቦታ ለማወቅ የፈለገ ሹም ቢኖር እንኳ፣ የሚጠይቀው ያንኑ ሹፌር ነበር።